ዝምታ ቆራጩ

ታናሽ ወንድሜ “ጋሼ” ማለት የተወበትን ቀን አውቀዋለሁ። አዲሱ ኮምፒውተር ፎቶ ቤቱ የገባ ቀን ነው። ጠዋት “ጋሼ፣ እስቲ ጠረጴዛውን ባንድ በኩል ያዝልኝ” አለኝና ተሸክመን አስገባን። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ከተሰካ፣ መብራቱ ቦግ ካለ በኋላ “አንተ፣ ያንን ገመድ ወዲህ በለው” አለኝ። ጠረጴዛውን ባልሸከም ኖሮ ምናልባት ጋሼ ሆኜ እቀር ነበር።

ፎቶ ቤቱ የሱ ነው። የገዛው እሱ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የሱ ስም ነው ያለው። ወለሉን ግን ከሱ በላይ አውቀዋለሁ፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ መጥረጊያ ተሰጥቶኝ የገባሁበት ቤት ነው። የድሮው ባለቤት አርጅቶ ሲሸጥ እኔ የምገዛበት አልነበረኝም፣ ወንድሜ ነበረው። እሱ ተምሯል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል አልዘለልኩም። ለምን እንዳልዘለልኩ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና።

ሥራዬ ቪዲዮ መቁረጥ ነው። ሰርግ፣ ምረቃ፣ ልደት፣ የሙት መታሰቢያ። ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲበላና ሲያላዝን የተቀረጸውን አንድ ሰዓት አደርገዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ፕሮግራሙ ሲገዛ አብሮት በመጣው ብቻ ነው የምሠራው፤ መቁረጫው፣ ማደብዘዣው፣ የድምፅ ከፍታው፣ የቀለም ማስተካከያው፣ በቃ። መቁረጫዋ የምላጭ ሥዕል አላት። ቀኑን ሙሉ እሷን ይዤ ስለምውል ደንበኛውም ዘመዱም “ምላጭ” ይለኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ ጠይቄ አላውቅም።

ወንድሜ ደግሞ ኮፍያው ላይ “ዳይሬክተር” አስጽፏል። የሚያስጽፍለት ሰው አጥቶ ራሱ አስጽፎ።

የሱ ነገር ተቀጽላ ነው። ሌሎች “ፕለጊን” ይሉታል፣ እኔ ተቀጽላ ነው የምለው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ የዛፉን ውሃ የሚጠጣውን ማለቴ ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ያልሠሩትን ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ሆኖ ይሠራና ከላዩ ይለጥፋል። ፊደልን የወርቅ ብናኝ አስመስሎ የሚበትን አለው። ቆዳ የሚያለሰልስ አለው፤ ሙሽራዋ የመጣችበትን ፊት ትታ በሌላ ፊት ትሄዳለች። ከሁሉ የሚመካበት ግን ዝምታ ቆራጩ ነው። ሰው ሲናገር የተቀረጸውን ትሰጠዋለህ፤ ድምፅ የሌለበትን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ቆርጦ ይጥልና የቀረውን ይገጣጥመዋል። እኔ ግማሽ ቀን የምፈጅበትን እሱ አንዴ ጠቅ አድርጎ ወንበሩን ያዞራል።

“አየህ?” ይለኛል። “አንተ እስክታስነጥስ ድረስ አለቀ።”

“ሰውየው እኮ እያሰበ ነበር” እለዋለሁ።

“ማሰቡን ማን ይከፍልበታል?”

ቤት ሲሠራ አብሮ የተሠራ መስኮት አለ፤ ኋላ ግድግዳ ተበስቶ የገባ መስኮትም አለ። ሁለቱም ብርሃን ያስገባሉ። ዝናብ ሲመጣ ነው የሚለዩት። ይህንን ስነግረው “አንተ ደግሞ መስኮት ሻጭ ብትሆን ያዋጣህ ነበር” ብሎ ደንበኛ ፊት ሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ በነፋስ የተበላሸ የአንድ ሙሽራ አባት ምርቃት በተቀጽላው አጥቦ ሲያወጣው ሰምቼ አፌን ይዣለሁ። እኔ በእጄ አላወጣውም ነበር። ግን አልነገርኩትም። ለምን እነግረዋለሁ?

እናታችን ሰባ ሞላት። እህታችን ቤት እሑድ ከሰዓት ዘመድ ይሰበሰባል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ የእማዬ ፊልም ይታያል ተባለ። ፊልም እንዳለ የሰማሁት ካሜራ ማቆሚያዬ ከቦታው ሲጠፋ ነው። ለካ እህቴ እየጠየቀች፣ ወንድሜ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ፣ እማዬን እዚያው እህቴ ቤት ሦስት ሰዓት ቀርጸዋታል። ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ተጠርቶ ሄዷል፣ እኔ አልተጠራሁም።

“ለምን አልነገራችሁኝም?” ብዬ እህቴን ስልክ ደወልኩላት።

“ወንድምዬ፣ አንተ ካለህ እማዬ አትዝናናም ብለን ነው። ትጨናነቃለች እኮ።”

“በምኔ?”

“እንዲሁ ነው… ታውቃለህ” አለች።

አውቃለሁ። እናታችን ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር ተነስቶ አንገቷ ድረስ የወረደ ጠባሳ አላት። የፈላ ውሃ ነው። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ ይባላል።

የሆነው እንዲህ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ሰባት። ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ከኋላው የብስኩት ቆርቆሮ። ወንድሜ ቆርቆሮው ላይ ሊደርስ የጠረጴዛውን ልብስ ጎተተ። እማዬ ጎንበስ ብላ መሬት ላይ የወደቀ ማንኪያ ታነሳ ነበር። እኔ ማንቆርቆሪያውን ልይዝ ዘለልኩ፣ አልደረስኩም፤ እጄ ብቻ ደረሰ። አባታችን በጩኸቷ ሮጦ ሲገባ ያየው ምንድን ነው? የተቃጠለች ሚስቱን፣ የተዘረጋ እጄን፣ በእጄ ያለውን የማንቆርቆሪያ ክዳን።

“ማነው?” አለ።

“ጋሼ ነው” አለ ወንድሜ።

ያን ቀን የተመታሁትን አልጽፈውም። ከዱላው በላይ የጎዳኝ የመጣው ሰኞ ነው። “እጁ ሥራ ሲፈታ ነው እሳት የሚነካው” ብሎ አባቴ ከትምህርት ቤት አወጣኝና ለጓደኛው ፎቶ ቤት መጥረጊያ ያዥ አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አጎቴ “እሱ ባለበት ውሃ እንዳታፈሉ!” ይላል። ሰው ይስቃል። አጎቴ ሌላ ቀልድ አልተማረም። ወንድሜም አብሮ ይስቃል፤ ያውም ጥርሱን ሁሉ ከፍቶ።

ዓርብ ጠዋት ፎቶ ቤት ስገባ ወንድሜ ኮፍያውን አውልቆ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ከኋላው ሄጄ ቆምኩ። እማዬ ናት። ፊቷ እንደ ሸክላ ሳህን ለስልሷል፣ ጠባሳ የለ፣ መጨማደድ የለ። ግንባሯ ላይ ደግሞ ከጆሮ እስከ ጆሮ በትልልቅ ነጭ ፊደል “የሙከራ ጊዜዎ አልቋል” የሚል ተጽፎባታል።

ለካ ያ ሁሉ የሚመካበት ተቀጽላ የሠላሳ ቀን ሙከራ ነበር። ወር ሙሉ እንደራሱ ሲያሳየኝ የከረመው የሰው ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

“ግንባሯ ላይ የተጻፈው ምርቃት ነው?” አልኩት።

“ዝም በል።”

“አይ፣ ሰባ ዓመት ለሞላት ሰው ‘የሙከራ ጊዜዎ አልቋል’ ማለት…”

“ዝም በል አልኩህ! በካርድ ለማሳደስ ሞከርኩ፣ ባንኩ እንቢ አለ። እስከ ሰኞ አይሆንም አሉኝ።” ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ወደኔ ሳይሆን ወደ ጫማዬ እያየ “አንተ በእጅህ ታስተካክለዋለህ” አለ።

“እኔ? እስክታስነጥስ ድረስ ያልቃል አላልክም?”

“ለእማዬ ነው። ለኔ አይደለም።”

በእናት መጣ። በእሷ ከመጣ ምን ይባላል? ሥራውን ከነጥሬ ቀረጻው በፍላሽ አምጥቶ የኔ አሮጌ ማሽን ላይ ከፈተው። የኔ ማሽን ተቀጽላ የሚባል አያውቅም። “ሃያ ሦስት ነገሮች አልተገኙም” አለ ማሽኑ፣ በትሕትና። የወርቅ ብናኙ ጠፋ፣ የሚሽከረከረው ፊደል ጠፋ፣ የግንባር ጽሑፉ ጠፋ። ለስላሳው ፊትም ጠፋ። ጠባሳው ከነመስመሩ ተመለሰ።

“እማዬ መጣች” አልኩ።

“እሱን አጥፋው” አለ።

“ምኑን?”

“ጠባሳውን። ያንተ ማደብዘዣ አለ አይደል? ከብበህ አደብዝዘው፣ ፊቷ ሲዞር እንዲከተላት አድርገው። ትችላለህ አውቃለሁ።”

እችላለሁ። ሁለት ቀን ይፈጃል እንጂ አብሮት በመጣው መሣሪያ ይሠራል። “እኔ የእናቴን ፊት አልነካም” አልኩት።

ፈገግ አለ። “አንዴ ነክተኸው የለ?”

እንዲህ ነው የሚያደርገው። መቀስ አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት። ወንድሜ ኮፍያውን ደፍቶ “ቀረጻ አለብኝ። ስመጣ አልቆ ላየው” ብሎ ወጣ።

ፊቷን ትቼ ንግግሯን መስማት ጀመርኩ። ዝምታ ቆራጩ ጠራርጎ በልቷታል። የኛ እናት ቀስ ብላ ነው የምታወራ፤ አንድ ቃል ትልና መስኮቱን ታያለች፣ ቀሚሷን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ሌላ ቃል። እዚህ ግን እንደሚያባርሯት ሰው ትለፈልፋለች። ልጅነቷን፣ ሰርጓን፣ እኛን መውለዷን በአንድ ትንፋሽ። ጭንቅላቷ በየሁለት ቃሉ እንደ ዶሮ ይነቀነቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ጥሬውን፣ ያልተቆረጠውን ሦስት ሰዓት ከፍቼ ከመጀመሪያው በምላጬ እንደገና ልቆርጠው ተቀመጥኩ።

ምሳ ሰዓት አልፎ ይሆናል እዚያ ቦታ ስደርስ።

እህቴ ከካሜራው ጎን ሆና ትጠይቃለች፦ “እማ፣ ይሄ ጠባሳሽስ? የትልቁ ልጅሽ ሥራ ነው አይደል?” እየሳቀች ነው።

እማዬም ፈገግ ብላ “እንዴታ፣ ትልቁ ነው” ትላለች።

በወንድሜ ቅንብር ላይ እዚህ ጋ ወደ እህቴ ልደት ይዘላል። በጥሬው ግን አይዘልም። እማዬ ዝም ትላለች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዓይኗን ከእህቴ ላይ አንስታ ከካሜራው በላይ፣ ሰው ቆሞ ፊቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ትተክላለች። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጉልበቷ ትመልስና፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፣ ከትንፋሽ ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ፦

“ምስኪን። እሱ እንኳ አልነበረም።”

የድምፁን ሞገድ አየሁት፤ ልክ እንደ ተኛ ክር ነው። ተቀጽላው ክር አይሰማም። ዝምታ መስሎት አብሮ ቆርጦ ጥሎታል።

አንዴ ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ተነስቼ በሩን ዘጋሁና ቆሜ ሰማሁት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ሳይጠይቀኝ “እኔ አይደለሁም” ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ የእናቴ አፍ ነው፣ የእናቴ ድምፅ ነው።

ሥራውን የሠራሁት እንዲህ ነው። አሥራ አንዱን ሰከንድ አንዲት ሥዕል ሳላጎድል መለስኩት። ከዚያ የድምፁ መስመር ላይ በእጄ ነጥብ እየጣልኩ፣ “ምስኪን” ላይ ትንሽ፣ “እሱ እንኳ” ላይ ከፍ፣ “አልነበረም” ላይ ከዚያም ከፍ አድርጌ አወጣሁት። ማጠቢያ የለ፣ ማለስለሻ የለ። ማቀዝቀዣው ከኋላ ሲያንጎራጉር ይሰማል፤ ይሰማ። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

ወንድሜ ሲመለስ ያቺን ቦታ ከፈትኩለት። ቆሞ አየ። አሥራ አንዱ ሰከንድ እስኪያልቅ እኔ ስክሪኑን አላየሁም፣ እሱን ነው ያየሁት። ኮፍያውን አወለቀ።

“ይሄ ከየት መጣ?” አለ።

“ከናትህ አፍ። አንተ ፊት ለፊቷ ቆመህ።”

“እኔ አልቆረጥኩትም። ፕለጊኑ ነው የቆረጠው።”

“ጆሮህስ? ጆሮህም ሙከራ ነው?”

“ምን አገባው ጆሮዬ! ሦስት ሰዓት ነው የቀረጽኩት፣ ሁሉንም ላስታውስ ነው? ጠቅ አደረግኩ፣ ቆረጠ። በቃ። ማሽን ነው።”

“ያኔ ‘ጋሼ ነው’፣ ዛሬ ‘ማሽን ነው’። አንተ መቼ ነው ‘እኔ ነኝ’ የምትለው?”

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስማ። ሃያ አምስት ሰው ነው የሚመጣው። ልጆቼ አሉ፣ የሚስቴ ወንድሞች አሉ። ያቺን ቦታ አውጣት። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።”

“ያንተ አንድ ዓረፍተ ነገር ከትምህርት ቤት አወጣኝ።”

“እሺ። እሺ። ይሄ ነገር እሑድ ከታየ ሰኞ እዚህ ቤት እንዳትመጣ።”

ፍላሹን ከማሽኑ ነቅዬ የደረት ኪሴ ከተትኩና የኪሴን ቁልፍ ቆለፍኩ። ሌላ ፊልም የለውም። ያለው ግንባሯ ላይ የተጻፈበት ብቻ ነው።

እሑድ የእህቴ ሳሎን ጢም ብሏል። ሶፋው ለትልልቆቹ፣ ምንጣፉ ለልጆቹ፣ ለኔ ከመብራት ቆጣሪው ሥር አንድ የእንጨት ዱካ። እማዬ መሀል ላይ ናት፤ አዲስ ሹራብ ለብሳ፣ እንደ ልማዷ ግራ ጉንጯን ከመስኮቱ አዙራ። እህቴ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ አጎቴ አልቻለም፦

“ኧረ ቀስ! ምላጭ እዚህ ነው፣ ማንቆርቆሪያውን ከሩቁ!”

ሳቁ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ፍላሹን ለእህቴ ባል ሰጠሁት። የእህቴ ባል የዚህ ቤት ሪሞት ባለሥልጣን ነው፣ ሌላ ሥልጣን ስለሌለው ሪሞቱን ከእጁ አይለይም። መጋረጃ ተሳበ፣ ፊልሙ ጀመረ። እማዬ ቀስ ብላ አወራች። ሰው ዝም ብሎ ሰማት። ስታስብ አብረዋት አሰቡ፣ ስትስቅ ሳቁ። አክስቴ “እንዴት ያለ ጥሩ ቀረጻ ነው!” ብላ ወንድሜን በዓይኗ መረቀችው። ቀረጻውን! እኔ ቆጣሪው ሥር ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። “የትልቁ ልጅሽ ሥራ ነው አይደል?” “እንዴታ፣ ትልቁ ነው።” አጎቴ “ይኸው! ከባለቤቷ አፍ!” ብሎ ጭኑን መታ። ሰው ሳቀና ሳቁ እስኪያልቅ ስክሪኑ ላይ እማዬ ዝም አለች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

“ቆመ!” አለ የእህቴ ባል። “ፍላሹ ነው። የርካሽ ፍላሽ ነገር!” ብሎ ወደ ፊት ማለፊያውን ተጫነው። የዚያ ቴሌቪዥን ማለፊያ አንዴ ሲጫኑት አሥር ሰከንድ ይዘላል። አራትና አሥር አሥራ አራት። ዓረፍተ ነገሯ ከአሥራ አንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ነው ያለችው። ቁጭ ብለን ብናሰላው እንኳ እንዲህ አይገጥምም ነበር። እማዬ ስክሪኑ ላይ የእህቴን ልደት ጀመረች።

“መልሰው!” አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ሰባ ዓመት በሞላት ሴት ልደት ላይ መጮኼን ያወቅኩት ከጮኽኩ በኋላ ነው።

“ምኑን?” አለ የእህቴ ባል።

“የዘለልከውን።”

“ምንም የለበትም እኮ፣ ቆሞ ነበር።”

“አልቆመም። ዝም ብላ ነው።”

“ታዲያ ዝም ስትል ልናይ ነው?” አለ አጎቴ። “ምላጭ፣ ዝምታ መሸጥ ጀመርክ?”

ወንድሜ ከሶፋው ጫፍ “ይለፍ ባክህ፣ ሰው ሻይ ይጠብቃል” አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

“መልሰው አልኩህ! እጅህ ላይ ያለውን ሪሞት…”

“መልሰው” አለች እማዬ።

በዝግታ ነው ያለችው፣ እንደ ፊልሙ። የእህቴ ባል ሪሞቱን እንደ ጋለ ብረት ይዞ መለሰው። አሥራ አንዱ ሰከንድ እንደገና ጀመረ። ሃያ አምስት ሰው፣ አንድ ሰው የሚያስነጥስ ሳይኖር፣ የሴትዮዋን ዓይን አየ። ማን እንደቀረጻት የሚያውቅ ሁሉ ዓይኗ ከካሜራው በላይ ማንን እንደሚያይ ያውቃል።

“ምስኪን። እሱ እንኳ አልነበረም።”

የእህቴ ባል ሳይታዘዝ አቆመው።

“ታዲያ ማነው?” አለ አጎቴ። ሁለት ወንድ ልጆች ናቸው ያሏት። ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ መልሱ ገብቶት ወደ ወንድሜ ዞረ፤ ሁሉም ዞረ።

“ሰባት ዓመቴ ነበር!” አለ ወንድሜ ተነስቶ። “ምን አድርግ ነው የምትሉኝ? ሰባት ዓመቴ ነበር!”

“ዛሬስ ስንት ሆንክ?” አልኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያ ሳሎን ሲጠራ ማየት ነበረብኝ፤ አጎቴ ጺሙን ሲያክ፣ አክስቴ ምርቃቷን ስትውጥ፣ የወንድሜ ሚስት የልጇን ጆሮ በመዳፏ ስትሸፍን። ለዚህች ደቂቃ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ደስታው ግን ከአንድ ደቂቃ አላለፈም፤ ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረ?

“እማዬ” አልኩ፣ “መቼ አወቅሽ? ማን ነገረሽ?”

ወደኔ ዞረች። ጠባሳው በሙሉ ወደኔ ዞረ።

“ማን ይነግረኛል? ጨርቁን ሲጎትት አይቼዋለሁ።”

“ያኔ?”

“ያኔውኑ።”

ሳሎኑ ውስጥ ማቀዝቀዣው ብቻ ሲያንጎራጉር ይሰማ ነበር። ቅድም ስክሪኑ ላይ ያንጎራጎረው ራሱ ነው።

“አባታችሁ ሲናደድ ታውቀዋለህ” አለች። “ትንሹን ቢመታው ይሞትብኛል አልኩ። አንተ ትችለው ነበር።”

“ምቱን ቻልኩት። ትምህርቱስ?”

ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። “ትምህርቱን እንኳ አላሰብኩትም” አለች።

ከሁሉ የገደለኝ አለመዋሸቷ ነው። ይቅር በለኝ አላለችም፣ አላለቀሰችም። ልክ የረሳችውን ዕቃ እንደጠየቅኳት ነው የመለሰችልኝ።

እህቴ ዓይኗን እየጠረገች “ኬኩ… ኬኩን እንቁረጥ” አለች። ቢላው ተፈልጎ ጠፋ። አጎቴ ዝምታውን አልቻለውም፣ “ምላጭ አለ አይደል” አለ፣ ግን ማንም አልሳቀለትም። ኬክ ሳልበላ ወጣሁ።

ሰኞ ማሽኔን ልወስድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ገመዶቹን ስጠቀልል ወንድሜ በሩ ላይ ቆመ፣ ኮፍያውን አላደረገም።

“ጋሼ” አለ፣ “ማሽኑን ተወው። የት ትሄዳለህ? ተቀምጠህ ሥራህን ሥራ።”

ማሽኑን አቅፌ ቆምኩ። ከባድ ነው፣ አንደኛውን ጎን የሚይዝልኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

“ይሄኛው ‘ጋሼ’ ለስንት ቀን ነው የሚሠራው?” አልኩት።

ከበሩ ፈቀቅ አለ። በሩን በትከሻዬ ታክኬ ወጣሁ።

አሁን ቤቴ ነው የምሠራው። ካሜራ ያላቸው ልጆች የቀረጹትን ያመጡልኛል፣ እቆርጥላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት እህቴ ደወለች። እማዬ ፊልሙን ስልኬ ላይ ይጫንልኝ ብላለች አለችኝ።

“እሺ” አልኩ።

“ግን ወንድምዬ… ያቺን ቦታ አውጣላት። ባየችው ቁጥር ልቧን ትላለች። ፊቷንም ትንሽ…”

“ዳይሬክተሩን ጠይቂ። ባንኩ ካርዱን ተቀብሎታል ሲሉ ሰምቻለሁ።”

ጠይቃዋለች። አድርጎታል። አሁን እናታችን ለጎረቤት ሁሉ የምታሳየው ጠባሳ የሌላት፣ ሳታስብ የምትናገር ሴት ናት። “ትልቁ ነው” ትላለች፣ ወዲያው ወደ እህቴ ልደት ትዘላለች። እዩኝ ስትል እንዴት ደስ ይላታል አሉ።

ጥሬው እኔ ጋ ነው። አሥራ አንድ ሰከንድ ሁለት መቶ ሰባ አምስት ሥዕል ነው። አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ወንድሜን እያየች የምትወቅሰው መስሎኝ ነበር። አይደለም። በመቶ አርባኛዋ ሥዕል ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ልክ ጮክ ብላ ልትናገር፣ ሳሎኑ ሁሉ እንዲሰማ። በመቶ ስድሳኛዋ ላይ ትዘጋዋለች። በመሀሉ ሃያ ሥዕል ነው፣ ሰከንድ አይሞላም። በዚያች መሀል ሁለታችንን እንደገና ሚዛን ላይ አስቀምጣለች፣ እንደገና የሱ ጎን ከብዶ ተገኝቷል።

እዚያ ላይ አቆመዋለሁ። ምላጩ እጄ ላይ ነው፣ ግን አልቆርጠውም።